ቶኬ ጌኮ ለአዲስ አበባ ቤት የሚሆን እንስሳ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በቅርቡ በከተማችን በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ፣ ቶኬ ጌኮ የተባለውን የደቡብ ምሥራቅ እስያ እንሽላሊት በቤት ውስጥ ማሳደግን የሚመክር ጽሑፍ ወጥቷል። ጸሐፊው ካዛንቺስ በሚገኘው አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ ከጥቅምት ወር ጀምሮ አንድ ወንድ ቶኬ በመስታወት ሣጥን እንደሚያሳድጉ ገልጸው፣ ሌሎች የአዲስ አበባ ነዋሪዎችም ይህንኑ እንዲያደርጉ ይጋብዛሉ። ያቀረቧቸው ምክንያቶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። እንስሳው ጠንካራ ስለሆነ የከተማችን አየር አይጎዳውም፤ አንበሳ በስድስት ኪሎ ከኖረ ጌኮ በካዛንቺስ የማይኖርበት ምክንያት የለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለማዳ ይሆናል፤ ድምፅም አያሰማም። የቤቱን በረሮ እየለቀመ ስለሚበላ ወጪ የለውም፤ ሕፃናትም ሊጫወቱበት ይችላሉ። ለገበያ የሚቀርበው በሙሉ በእርባታ የተገኘ ስለሆነ በዱር ያለው ወገኑ አይነካም፤ ወደ አገር ለማስገባትም ምንም ወረቀት አያስፈልግም። ባለቤቱ የሰለቸው እንደሆነ ወደ ቆላ ወስዶ ሊለቀው ይችላል። የእኛ አገር ጌኮዎች፣ በየግድግዳው የሚታዩት ትንንሽ እንሽላሊቶች፣ ግን መርዛማ ስለሆኑ ከቤት መወገድ አለባቸው። በመጨረሻም ቶኬ በእስያ ለአስምና ለኤች.አይ.ቪ. ፈውስነቱ በውድ ዋጋ ስለሚፈለግ ማርባቱ የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊው እንስሳውን እንደሚወዱት ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል፤ ይህን አልጠራጠርም። ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝም ጽሑፉ በፍቅርና ባማረ አማርኛ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ አንባቢ ያሳምናልና። ሆኖም ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ጸሐፊው ያስቀመጡትን ቅደም ተከተል ባልጠብቅም ለሁሉም ምላሽ እሰጣለሁ።

አስቀድሞ ስለ እንስሳው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ስለ ሣጥኑ ብዙ ሲያስረዱ እንስሳው ስለሚኖርበት አገር የጻፉት ነገር የለምና። ቶኬ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጌኮ ጌኮ፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከመዘገባቸው እንስሳት አንዱ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድና ከባንግላዴሽ ተነሥቶ በማይናማር፣ በታይላንድ፣ በላኦስ፣ በካምቦዲያና በቬትናም በኩል እስከ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ከጌኮ ዓይነቶች መካከል በግዝፈቱ ከቀዳሚዎቹ የሚመደብ ሲሆን፣ ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ግራጫማ ሰማያዊ በሆነው ቆዳው ላይ ያሉት ብርቱካናማ ነጠብጣቦች፣ ጸሐፊው እንዳሉት፣ እጅግ ያማሩ ናቸው። መኖሪያው ሞቃትና እርጥብ የቆላ ደን ነው፤ ቀኑን በዛፍ ሽንቁር ወይም በአለት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ለአደን ይወጣል። ፌንጣ፣ በረሮ፣ ሸረሪት፣ ከእርሱ ያነሱ ጌኮዎች፣ አንዳንዴም ትንንሽ አይጦችንና የወፍ ጫጩቶችን ይበላል። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥላ ከዛፍ ግንድ ወይም ከግድግዳ ጋር ታጣብቃቸዋለች፤ ለመፈልፈልም እንደ አካባቢው ሙቀት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ጊዜ ወላጆቹ እንቁላሎቹን ይጠብቃሉ፤ ይህ በእንሽላሊት ወገን እምብዛም የማይታይ ጠባይ በመሆኑ፣ እኔ ስለ ቶኬ ከማውቀው ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እርሱ ነው። በደኑ አጠገብ መንደር ሲመሠረት ቶኬ ወደ ቤቶቹ ግድግዳና ጣሪያ ይገባል፤ ሰዎች መብራት ሲያበሩም በመብራቱ ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ነፍሳት ይለቅማል። ጸሐፊው «በእስያ የቤት እንስሳ ነው» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ይመስለኛል። ነገር ግን ያ እንስሳ ቤቱን የሚጋራው በራሱ ፈቃድ ነው፤ ሲሻው ወደ ዛፉ ይመለሳል፤ የቤቱ ውስጥ ሙቀትም ከደኑ ሙቀት አይለይም።

እንግዲህ ወደ አየር ጠባዩ ጉዳይ ልግባ። አገራችን «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ተብላ መጠራቷን ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ጠቅሰዋል። ፀሐዩ እውነት ነው፤ ሆኖም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። ቤቶቻችን በአብዛኛው ማሞቂያ የላቸውም። የብሎኬት ግድግዳ የውጭውን ብርድ በከፊል ቢከላከልም፣ ቶኬን በአግባቡ የሚያሳድጉ ሰዎች ቀን ከ26 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌሊትም ከ20 ዲግሪ የማያንስ ሙቀት ሲጠብቁለት፣ የእኛ ሳሎን ሌሊት ወደዚያ አይጠጋም።

የስድስት ኪሎው አንበሳ እዚህ ላይ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። አንበሳ አጥቢ እንስሳ በመሆኑ ከሚበላው ሥጋ የራሱን ሙቀት ያመነጫል፤ ብርዱ ሲጠና ብዙ ምግብ በልቶ፣ ጠጉሩንም ተከናንቦ ያልፈዋል። ጌኮ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ካረፈበት ግንድና ከከበበው አየር ነው። አካባቢው ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ አብሮ ይቀዘቅዛል፤ የበላውን መፍጨት ይሳነዋል፤ ያልተፈጨው ምግብ በሆዱ ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል፤ በሽታን የሚከላከልበት አቅሙም ይዳከማል። በዚያ ላይ እርጥበት አለ። ቶኬ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚደርስ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። የእኛ በጋ ደረቅ ስለሆነ እንስሳው ቆዳውን በሚቀይርበት ጊዜ አሮጌው ቆዳ በጣቶቹ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ደም እየከለከለ ጣቶቹን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ክረምቱ ደግሞ እርጥበት ባያጣም ብርዱን ይዞ ይመጣል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙ ለተሳቢ እንስሳት የሳንባ በሽታ ይጋብዛሉ።

ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት መፍትሔ ማታ ማታ ከሣጥኑ በላይ ተራ አምፖል ማብራት ነው። ቶኬ በጨለማ የሚያድን እንስሳ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ኃይለኛ ብርሃን ከበራበት ከመሸሸጊያው አይወጣም፣ አይበላምም። የሚያስፈልገው ብርሃን የማይሰጥ ማሞቂያና ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ነው፤ እነዚህም ቢገዙ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሣጥኑን የሚያሞቅ ሌላ ዘዴ መዘጋጀት አለበት። መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ የሚቆይበትን ጊዜ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የከሰል ማንደጃ ወደ ሣጥኑ ማስጠጋት የሚያስቡም ይኖራሉ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ለእንስሳውም ለሰውም አደገኛ ስለሆነ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ጸሐፊው ስለ እንስሳው ለማዳነት የጻፉት ክፍል ነው። ቶኬው በመጣበት ሰሞን አፉን ከፍቶ ይጮህ፣ ሊነክስም ይቃጣ እንደነበር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ፀጥ እንዳለ፣ በእጃቸው ላይ ሲያስቀምጡት እንደማይንቀሳቀስ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበላ፣ ብዙውን ጊዜም በሣጥኑ ወለል ላይ ተኝቶ እንደሚያገኙት ይተርካሉ። እነዚህን ሁሉ የመላመድ ምልክቶች አድርገው አቅርበዋቸዋል። ቶኬን የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ሲያነብ የሚታየው የታመመ እንስሳ ነው።

ቶኬ በጠባዩ ቁጡ ነው። ወንዱ ግዛቱን በድምፅና በጥርስ ያስከብራል፤ መንጋጋው ብርቱ ሲሆን አንዴ ከነከሰ በቀላሉ አይለቅም። መጠሪያውን ያገኘበት «ቶ-ኬ፣ ቶ-ኬ» የሚለው ጩኸቱም በሌሊት ከሩቅ የሚሰማ ስለሆነ፣ ጤነኛ ወንድ ቶኬ በካዛንቺስ አፓርታማ ውስጥ ቢኖር ኖሮ መጀመሪያ አቤቱታ የሚያቀርቡት ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤቶች በሆኑ ነበር። እንዲህ ያለ እንስሳ ጩኸቱን ሲያቆም፣ ሲይዙትም ሳይታገል ሲቀር፣ ጡንቻዎቹ በብርድ መፍዘዛቸውን መጠርጠር ይገባል። የቀዘቀዘ እንሽላሊት መሮጥም መንከስም አይችልም። ከግድግዳ ወርዶ ወለል ላይ መተኛቱ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ በቀጥ ያለ ግንድ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ወለል ላይ የሚገኘው ለመጣበቅ አቅም ሲያንሰው ነው።

ነገሩን ይበልጥ አሳሳች የሚያደርገው የተሳቢ እንስሳት አሟሟት ነው። ውሻ ወይም ድመት ሲታመም ያቃስታል፣ ምግብ ይጠላል፣ በቀናት ውስጥም ባለቤቱ ይደርስበታል። ቶኬ ግን ሰውነቱ ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚጠቀም፣ በጅራቱ ውስጥ ያጠራቀመውን ስብ እያቃጠለ ለብዙ ሳምንታት ያለ በቂ ምግብ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቀለሙ ያምራል፤ ዐይኑም እንደተከፈተ ነው፤ የሚዘጋ ቆብ የለውምና ተኝቶም ነቅቶም ያው ይመስላል። ባለቤቱ «ደህና ነው» ይላል። ጅራቱ ከሥሩ ሲሳሳ፣ የዳሌው አጥንት ሲወጣ፣ ዐይኑ ወደ ውስጥ ሲሰጥም ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከመመለሻው አልፏል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ «በሰላም ኖረ» የሚለው ምስክርነት ስለዚህ ምንም አያረጋግጥም፤ በነዚህ ወራት ውስጥ ያለው ሌሊት በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚቀዘቅዘው መሆኑ ደግሞ ሥጋቴን ያባብሰዋል። በሌላ አገር ቶኬን ለዓመታት በጤና ያቆዩ ሰዎች እንስሳውን በእጅ አይነኩትም፤ ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው አደኑንና ጠባዩን ይመለከታሉ። ቶኬን ማሳደግ ማለት ይኸው ነው፤ በእጅ የሚዳሰስ እንስሳ የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ሌላ እንስሳ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ስለ ምግቡ የተባለውም ሊታረም ይገባል። ቶኬ በረሮ መብላቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመሀል ከተማ ያለ በረሮ ከፍሳሽ ቱቦ የሚወጣና፣ የእኛ ቤት ባይነፋ እንኳ የጎረቤት ቤት መድኃኒት የተነፋበት ነው። መርዙን ቀምሶ ገና ያልሞተ በረሮ እየተንቀራፈፈ ስለሚሄድ ለጌኮው ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያዘው እርሱ ይሆናል፤ መርዙም አብሮ ይገባል። ከዚህ ባሻገር ነፍሳት ፎስፈረስ በብዛት፣ ካልሲየም ግን በጥቂቱ ነው የሚይዙት። በሣጥን ውስጥ የሚኖር ጌኮ ነፍሳቱ ላይ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ3 ዱቄት ካልተነሰነሰለት አጥንቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ መንጋጋው ይጎብጣል፣ እግሮቹ ይንሻፈፋሉ፣ በመጨረሻም አፉን ዘግቶ ማኘክ ያቅተዋል። «ወጪ የለውም» የተባለው እንግዲህ ወጪው ስላልተወጣ ብቻ ነው።

ሕፃናት ይጫወቱበት ለሚለው ምክር አጭር መልስ አለኝ። ተሳቢ እንስሳት ምንም ሳይታመሙ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ በአንጀታቸው ይይዛሉ፤ ባክቴሪያው በቆዳቸውና በሣጥናቸው ላይ ይገኛል። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ በሳልሞኔላ ክፉኛ ከሚጎዱት መካከል ናቸው። ከኢንዶኔዥያ ወደ አሜሪካ በገቡ ቶኬዎች ላይ የተደረገ ጥናትም፣ መድኃኒት የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎች በእንስሳቱ ውስጥ መኖራቸውን አሳይቷል። ሕፃናት እንስሳውን መንካት የለባቸውም፤ የሣጥኑ ዕቃም ሰሃን በሚታጠብበት ገንዳ መታጠብ የለበትም።

ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሀል ቶኬ ከእግሩ ሙጫ እያወጣ በግድግዳ ላይ እንደሚጣበቅ፣ የግድግዳ ቀለምም እንደሚያበላሽ ጽፈዋል። ሙጫ የለም። በዓለም ላይ የጌኮ እግር አሠራር በብዛት የተጠናው በዚሁ በቶኬ ላይ ነው። በእያንዳንዱ እግሩ ሥር ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ረቂቅ ጠጉሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ጠጉር ጫፉ ላይ በመቶዎች ወደሚቆጠሩ ጠፍጣፋ ቅርንጫፎች ይከፋፈላል። እነዚህ ጫፎች ወደ ግድግዳው እጅግ ስለሚቀርቡ፣ ቫን ደር ቫልስ የሚባለው በሞለኪዩሎች መካከል ያለ ደካማ መሳሳብ በብዛቱ ተደምሮ እንስሳውን ይሸከመዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ተመራማሪዎች የአንዲቱን ጠጉር ኃይል ለክተው ያሳተሙ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላም ኃይሉ ከእርጥበት ወይም ከሙጫ የሚመጣ አለመሆኑን አሳይተዋል። ቶኬ እግሩን ሲያነሣ የጣቱን ጫፍ ወደ ላይ ቀልብሶ ይልጠዋል፤ በግድግዳው ላይም የሚተወው ሙጫ የለም።

ወደ እርባታው ጉዳይ ስንመጣ፣ «ለገበያ የሚቀርበው በሙሉ በእርባታ የተገኘ ነው» የሚለው አባባል ከጸሐፊው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው የሚናገሩት ነው። ስለዚህ በሒሳብ መመርመር አለበት። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚከታተለው ትራፊክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት፣ ኢንዶኔዥያ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ በእርባታ የተገኙ ቶኬዎች በሕይወት እንዳሉ ለውጭ ገበያ እንዲቀርቡ ለስድስት ኩባንያዎች መፍቀዷን ጠቅሶ፣ ይህ የሚቻል መሆን አለመሆኑን አስልቷል። አንድ ሚሊዮን ቶኬ በዓመት ለማርባት 140,000 ሴቶችና 14,000 ወንዶች፣ 30,000 የእንቁላል ማስፈልፈያ ዕቃዎች፣ 112,000 ማሳደጊያ ሣጥኖች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችም ያስፈልጋሉ። የጥናቱ መደምደሚያ፣ እንዲህ ያለ እርባታ በትርፍ ሊካሄድ የማይችል መሆኑና በእርባታ ስም የሚወጣው እንስሳ በአብዛኛው ከዱር የተያዘ መሆኑ ነው። ምክንያቱን ከላይ ካነሣሁት የመራቢያ ጠባይ መረዳት ይቻላል፤ ሁለት ሁለት እንቁላል የሚጥል፣ ለመፈልፈል ወራት የሚፈጅ፣ ከተፈለፈለም በኋላ ለረዥም ጊዜ የሚቀለብ እንስሳ ማርባት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በሌሊት በባትሪ ብርሃን ከዛፍ ላይ የሚለቅም መንደርተኛ ግን ያለ ምንም ወጪ ያቀርበዋል።

የንግዱን ስፋት ለማየት ሁለት አኃዞች ይበቃሉ። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገለጸው፣ ታይዋን ብቻዋን ከ2004 ወዲህ 15 ሚሊዮን ቶኬዎችን አስገብታለች፤ ከእነዚህም ሰባ በመቶ ያህሉ ከታይላንድ፣ የቀሩት ከኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኢንዶኔዥያ ባለሥልጣናት 6.75 ቶን የደረቀ ቶኬ ይዘዋል፤ የእንስሳቱ ቁጥር ወደ 1.2 ሚሊዮን ተገምቷል። ከዚህ ሁሉ ትልቁ ድርሻ ለባህላዊ መድኃኒት የሚውል እንጂ በሣጥን ለማሳደግ የሚሸጥ እንዳልሆነ በታማኝነት መናገር ይገባል። ቶኬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ውስጥ ሥጋታቸው አነስተኛ ከሆኑት ዝርያዎች ጋር መመደቡም እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው በተጠናከረ ነበር። ነገር ግን መኖሪያው ሰፊ የሆነ እንስሳ በአንዱ አገር እየተመናመነ በሌላው ሊበዛ ይችላል። ሕንድ፣ ፊሊፒንስ፣ አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት ተባብረው ያቀረቡት ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2019 በጄኔቫ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጀምሮ ቶኬ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት በሁለተኛው አባሪ ውስጥ የገባው ለዚህ ነው።

ይህም «ወረቀት አያስፈልግም» ለሚለው ነጥብ መልስ ይሰጣል። በሁለተኛው አባሪ የተመዘገበ እንስሳ ድንበር የሚሻገረው የላኪው አገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የወጪ ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ነው፤ ተቀባዩ አገርም ያንን ፈቃድ ሳያይ ማስገባት የለበትም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት፤ በአገራችን ጉዳዩን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ጸሐፊው ቶኬውን ከባንኮክ በመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ እንደተቀበሉት በግልጽ ጽፈዋል። አንባቢ ይህን ተከትሎ ቢያደርግ ከሕግ ጋር ሊጋጭ እንደሚችል ሊነገረው ይገባ ነበር፤ በሻንጣ ውስጥ ረዥም በረራ የሚያደርግ እንስሳ በሕይወት የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ መጠየቅም ነበረባቸው።

ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። የደረቀ ቶኬ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ውስጥ ለሳንባ ሕመም ሲታዘዝ ለብዙ ዘመናት ኖሯል፤ ይህ የዚያ አገር ልማድ ነው። ኤች.አይ.ቪ.ን ይፈውሳል የሚለው ግን ልማድ እንኳ አይደለም፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ በወሬ የተነሣ ነው። በማሌዥያና በፊሊፒንስ ይህ ወሬ ሲናፈስ፣ ከባድ ክብደት ያለው አንድ ቶኬ ሀብታም ያደርጋል እየተባለ ሕዝቡ ወደ ጫካ ወጣ፤ የፊሊፒንስ ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2011 ፈውስነቱ ምንም ማስረጃ እንደሌለው፣ እርሱን ተማምኖ ሕክምናን መተው ሕይወትን አደጋ ላይ እንደሚጥል አስጠነቀቀ። ጸሐፊው ወሬውን «በእስያ የታወቀ» ብለው ሲያቀርቡ ይህን ማስጠንቀቂያ አልጠቀሱም።

በአዲስ አበባ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ቀላል አይደለም። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በየሰፈራችን የነበረውን ሐዘን፣ በየዕድሩ የተተከለውን ድንኳን የምናስታውስ ብዙዎች ነን። መድኃኒቱን በየዕለቱ ሳያቋርጡ የሚወስዱ ሰዎች ዛሬ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ፣ ይሠራሉ፣ ያረጃሉ። ሲያቋርጡት ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ሌላ ፈውስ አገኘሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚተው አንድ ሰው እንኳ ቢኖር፣ የዚያ ጽሑፍ የመጨረሻ አንቀጽ ተጠያቂ ይሆናል። መጽሔቱ ይህን ክፍል በሚቀጥለው እትሙ በግልጽ እንዲያርም ከልብ እጠይቃለሁ። ለአስምም ቢሆን ሐኪም የሚያዝዘው በአፍ ወደ ውስጥ የሚሳብ መድኃኒት እያለ የደረቀ እንሽላሊት መፈለግ አያስፈልግም።

ስለ አገራችን ጌኮዎች የተጻፈውም ያሳዝናል። መርዛማ የሆነ አንድም የጌኮ ዝርያ የለም፤ መርዛቸው የታወቀው ትልልቅ እንሽላሊቶች በሰሜንና በመካከለኛው አሜሪካ በረሃዎችና ደረቅ ደኖች የሚኖሩ፣ ከጌኮ ወገን ያልሆኑ ናቸው። በድሬዳዋ፣ በጋምቤላ ወይም በአፋር ያደረ ሰው በመብራት ዙሪያ ትንኝና የእሳት ራት ሲለቅሙ የሚያያቸው ትንንሾቹ የግድግዳ ጌኮዎች፣ ብዙዎቹ ሄሚዳክቲለስ ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ ለሰው ምንም ጉዳት የላቸውም። ጌኮን መውደድ ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፤ ሣጥንም ማሞቂያም ሳይጠይቁ በተፈጥሯቸው ቦታ የሚታዩ ናቸውና። እነርሱን «አስወግዱ» ብሎ በምትኩ ከባንኮክ ቶኬ ማስመጣት ለተፈጥሮ ካለን ፍቅር ጋር የሚስማማ አይመስለኝም።

የሰለቸውን ቶኬ ወደ ቆላ ወስዶ መልቀቅ የሚለው ምክርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቶኬ ሰዎች ከለቀቁት በኋላ በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ተራብቶ ነዋሪ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይ ብርዱ ይገታዋል፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት እንደ ጋምቤላ ባለ አካባቢ ግን የሚገታው ነገር መኖሩን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ከእርሱ ያነሱ ጌኮዎችን የሚበላ፣ ከሌላ አህጉር የመጣ ጥገኛ ትል በሆዱ ሊይዝ የሚችል እንስሳ በአገራችን ጌኮዎች መካከል ሊለቀቅ አይገባም።

የቀረው በአሁኑ ሰዓት ካዛንቺስ ያለው እንስሳ ነው፤ ስለ እርሱም ለጸሐፊው በቀጥታ የምለው አለኝ። ዛሬውኑ ቴርሞሜትር በሣጥኑ ውስጥ ያስገቡና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሚያሳይ ይመልከቱ። በቴርሞስታት የሚመራ፣ ብርሃን የማይሰጥ ማሞቂያ በሣጥኑ አንድ ወገን ላይ ይግጠሙ፤ እንስሳው እንደ ፍላጎቱ እንዲመርጥ ሌላው ወገን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ቀጥ ብሎ የሚቆም ግንድ ወይም የዛፍ ቅርፊት ከሣጥኑ ጋር ያስደግፉለት፤ መሸሸጊያ ያገኛል። ማታ ማታ ግድግዳዎቹን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃ ይርጩ፤ የሚጠጣው ከጠብታው ነው። የቤቱን በረሮ መስጠት አቁመው መድኃኒት ያልነካው ፌንጣ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ይስጡት፤ ምግቡን የሚጀምሩት ግን ሣጥኑ ከሞቀ ከቀናት በኋላ ይሁን፤ በብርድ ላይ የተሰጠ ምግብ አይፈጭለትምና። በእጅ አይያዙት። የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ልምድ በአብዛኛው ከብት፣ ፈረስና ውሻ ላይ ቢሆንም፣ የዐይነ ምድሩን ናሙና ወስዶ ትል መኖሩን ማየት ማንኛውም የእንስሳት ሕክምና ላቦራቶሪ የሚችለው ሥራ ስለሆነ ይህንን አያዘግዩ። እንዲህ አድርጎ ማቆየት ካልተቻለ፣ ወይም እንስሳው የገባበት መንገድ ካሳሰብዎ፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አሳውቀው ምክር ይጠይቁ። ሣጥኑ ከሞቀ በኋላ ቶኬው ከወለሉ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ከወጣ፣ ሊይዙት ሲሉም እንደ መጀመሪያው ሰሞን አፉን ከፍቶ ከጮኸብዎ፣ ማገገም መጀመሩን ያውቃሉ።